ድንገተኛ የቆለጥ ሕመም እስኪነጋ አይጠበቅም

እሷ፦ ቆለጥ እንደ ኩላሊት ሆድ ውስጥ ያልተቀመጠው ለምንድን ነው?

እሱ፦ ሙቀት አይስማማውማ! ሰውነታችን 37 ዲግሪ ገደማ ይሞቃል፤ የወንድ ዘር በደንብ የሚመረተው ግን ከዚያ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ዝቅ ሲል ነው። የቆለጥ ከረጢት ቆዳው ስስ ነው፣ ከሥሩም ስብ የለውም። ሲበርድ ጡንቻዎቹ ይኮማተራሉ፤ ቆዳው ይጨማደድና ቆለጦቹ ወደ ሰውነት ይጠጋሉ። ሲሞቅ ይላላል። ወደዚያ የሚወርደው ደም ራሱ መንገድ ላይ ይቀዘቅዛል፤ ቀዝቃዛ ደም ይዘው የሚመለሱ ደም መላሾች ደም ወሳጁን ከበውታልና።

እሷ፦ የግራው ዝቅ ማለቱስ? ወጣቶች ይጨነቁበታል።

እሱ፦ አብዛኛው ወንድ እንዲሁ ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው፤ ቆለጡ የተንጠለጠለበት ገመድ ሲጠማዘዝ። ደም ይቋረጣል። ልጁን በድንገት ኃይለኛ ሕመም ይይዘዋል፣ ያስመልሰዋል። አፍሮም «ሆዴን ነው» ይላል።

እሷ፦ እናት ደግሞ ዳማከሴ ጨምቃ ታጠጣዋለች፣ እስኪነጋ።

እሱ፦ እስኪነጋማ አይጠበቅም እህቴ! በ6 ሰዓት ውስጥ ቀዶ ሕክምና ካገኘ ቆለጡ ብዙውን ጊዜ ይተርፋል፤ ከዚያ ወዲያ ተስፋው እየመነመነ ይሄዳል። ወላጆች፣ ልጃችሁ ድንገት «ሆዴን» ካላችሁ ቆለጡንም ያመው እንደሆነ በግልጽ ጠይቁት።