የሎ ሜይን ሂሳብ

(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ በአንዲት አባል የቀረበ ንግግር)



ስለ ምግብ እናገራለሁ ስል አንዳንዶቻችሁ ሳቃችሁ። ልክ ናችሁ፤ እኔ የሂሳብ ሠራተኛ እንጂ የወጥ ባለሙያ አይደለሁም። የመጣሁትም ከቻይና ምግብ ቤት እየገዛን የምንበላውን ሎ ሜይን በቤታችን እንዴት እንደምንሠራው ልነግራችሁ ነው። አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልናዘዝ።

ባለፈው ዓመት የሦስት ወር መዋጮ ሳልከፍል ቀርቼ ነበር። ገንዘብ ያዥዋ እህታችን ስትደውልልኝ «ደመወዝ ዘግይቶብኝ ነው» አልኳት። ውሸት ነበር። ደመወዜ በቀኑ ገብቷል፤ የት እንደሄደ ግን አላውቅም። ቀኑን ሙሉ የሰው ሂሳብ ሳንቲም ሳይጎድል ስዘጋ የምውለው ሴት፣ የራሴን ቤት ሂሳብ ከፍቼ አላየሁም።

አንድ ዓርብ ማታ ከሥራ ወጥቼ ልጆቼን ይዤ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤታችን አጠገብ ወዳለው የቻይና ኬሪ አውት ገባሁ። ካርዴን ሰጠሁ፤ ማሽኑ አልቀበል አለ። ሁለተኛውንም ሰጠሁ፤ እሱም እንደዚያው። ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። ከመስኮቱ ጀርባ ያለችው ሴትዮ ግን ምግቡን አቀበለችኝና «ነገ ትከፍያለሽ» አለችኝ።

ልጆቹ ሲተኙ የባንክ ወረቀቴን አውጥቼ ደመርኩ። በዚያ ወር 9 ጊዜ ከውጭ ገዝተናል፤ 279 ዶላር። የማኅበራችን መዋጮ 50 ዶላር ነው። ከሥራ መጥታ ድስት ያልጣደችን ሴት አልወቅስም፤ እኔም የገዛሁት ደክሞኝ ነው። ግን ድካሜ ስንት እንደሚያስከፍለኝ ማወቅ ነበረብኝ።

በማግሥቱ ዕዳዬን ልከፍል ስሄድ ሴትዮዋን እንዴት እንደምትሠራው ጠየቅኳት። ሳቀችና «እሳት ነው፣ ብዙ እሳት» አለችኝ። እኔም ሞከርኩ። የመጀመሪያው ገንፎ ሆነ። አሁን ግን ልጆቼ ሳህን ይጠርጋሉ። ለአራት ሰው እንዲህ ነው የምሠራው።

ኑድሉ፦ አንድ ፓኬት ስፓጌቲ ይበቃል። 4 ሊትር ውሃ ሲፈላ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ጥቂት በጥቂት ጨምሩ። በአንዴ ከደፋችሁት እንደ እኔ ምድጃውን በአረፋ ትሞሉታላችሁ። ሶዳው ስፓጌቲውን እንደ ቻይና ኑድል ቢጫና ለጠጥ የሚል ያደርገዋል። ትንሽ ጠንከር እንዳለ አውጡት፣ በቀዝቃዛ ውሃ እጠቡት፣ በደንብ አጠንፍፋችሁ በጥቂት ዘይት እሹት። የእኔ ገንፎ የሆነው ውሃው ሳይጠነፈፍ ስለጨመርኩት ነው።

ሥጋው፦ ግማሽ ኪሎ የዶሮ ሥጋ በስሱ ቆርጣችሁ፣ በአንድ የሾርባ ማንኪያ ሶይ ሶስና በሁለት የሻይ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች ለውሳችሁ 20 ደቂቃ አስቀምጡት። የምግብ ቤቱ ዶሮ የሚለሰልሰው በዚህ ነው።

ሶሱ፦ አምስት የሾርባ ማንኪያ ተራ ሶይ ሶስ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጥቁሩ ወፍራም ሶይ ሶስ፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር። ጥቁሩ ለቀለም ነው። ሶይ ሶስ ራሱ ጨው ስለሆነ ሌላ ጨው አያስፈልግም።

እሳቱ፦ ሁሉንም ከከተፋችሁ በኋላ ብቻ ምድጃውን ለኩሱ። መጥበሻው በጣም ይጋል። መጀመሪያ ዶሮውን ጠብሳችሁ አውጡ። ቀጥሎ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት፣ ከዚያ ጥቅል ጎመንና ካሮት፣ በመጨረሻ ኑድሉ፣ ዶሮውና ሶሱ። በሁለት ዙር ሥሩት፤ መጥበሻው ከሞላ አትክልቱ በራሱ ውሃ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። የሰሊጥ ዘይት ሁለት የሻይ ማንኪያ ካወረዳችሁ በኋላ ጣል አድርጉ፤ ቀድሞ ከገባ ሽታው ይጠፋል።

ለጾም ዶሮውን በእንጉዳይ ወይም በቶፉ ተኩ። የቻይና ኑድል ብዙ ጊዜ እንቁላል አለበት፤ የምግብ ቤት ሶስም ኦይስተር ከሚባለው የባሕር ፍጥረት የተሠራ ሊሆን ይችላል። በቤታችሁ ስትሠሩ ግን ረቡዕና ዓርብ ምን እንደበላችሁ ታውቃላችሁ።

ወጪው የሶይ ሶሱንና የዘይቱን ድርሻ ጨምሮ ለአንድ ድስት 9 ዶላር ነው። በቀጣዩ ወር 7 ጊዜ ቤት ሠራሁ፣ 2 ጊዜ ገዛሁ። ጠቅላላው 125 ዶላር። የተረፈኝ 154 ዶላር፤ ለማኅበሩ ያለብኝ ዕዳ 150 ነበር።

ስለዚህ ምግብ ሳነብ ደግሞ ሌላ ሂሳብ አገኘሁ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1882 የቻይና ሠራተኞች እንዳይገቡ በሕግ ከልክላ ነበር፤ ሕጉ የተሻረው በ1943 ነው። በ1915 ግን አንድ ፍርድ ቤት የምግብ ቤት ባለቤት እንደ ነጋዴ እንዲቆጠር ወሰነ። ነጋዴ ደግሞ መግባትና ቤተሰቡን ማምጣት ይፈቀድለት ነበር። ስለዚህ ብዙዎች ከዘመድና ከአገር ልጅ ገንዘብ እያሰባሰቡ ምግብ ቤት ከፈቱ። ቻይናውያን «ሁዪ» የሚሉት አላቸው፤ በየጊዜው አዋጥቶ በተራ መውሰድ። እኛ እቁብ እንለዋለን።

ያን ማታ ሴትዮዋ ሳታውቀኝ አመነችኝ። እኔ ግን የገዛ እህቶቼን አላመንኩም፤ «ቸግሮኛል» ማለት አፍሬ ዋሸሁ። ገንዘብ ያዥዋን ይቅርታ ጠይቄ ዕዳዬን ከፈልኩ። እሷም «ብትነግሪኝ ኖሮ በሁለት ወር እንከፋፍልልሽ ነበር» አለችኝ።

ከመካከላችን መዋጮ የከበዳት እህት ካለች ስልክ አትዝጊ፣ ከስብሰባም አትቅሪ። የባንክ ወረቀትሽን ይዘሽ ወደ እኔ ነይ፤ አብረን እንደምራለን። እራቱ ከእኔ ነው።