አጥንት ውስጥ የሚገባው ጀሶ
(በማኅበራችን 10ኛ ዓመት በዓል ላይ የተሰማ ንግግር)



በሕክምና ሙያ የተሰማራን አባላት ዛሬ ስለ አጥንት እንድንናገር ያነሣሣን የአንድ አባታችን ጥያቄ ነው። እግራቸው ለዓመታት መግል ሲያፈስ ቆይቶ ቀዶ ጥገና ታዘዘላቸው። ወረቀቱ ሲቀርብላቸው ግን «የሚጨምሩብኝ የአሳማ አጥንት ቢሆንስ?» ብለው አልፈርምም አሉ። የሣቁባቸው ነበሩ። እኛ ግን ጥያቄው ተገቢ ነው እንላለን። የአጥንት መሙያ ከራስ ዳሌ፣ ከሟች ለጋሽ፣ ከከብት፣ አንዳንዴም ከአሳማ ሊገኝ ይችላልና። በፋብሪካ የሚሠራም አለ።

አጥንት ውስጥ የገባ ባክቴሪያ ክፉ ነው። የሞተ አጥንት ደም ስለማይደርሰው የሚዋጠውም ሆነ በመርፌ የሚሰጠው መድኃኒት እንደ ልብ አያገኘውም። ስለዚህ ሐኪሙ የሞተውን ጠርጎ ያወጣል፤ ጉድጓድም ይቀራል። በምን ይሞላ?

እ.ኤ.አ. በ1892 ድሬስማን የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ጀሶን ከካርቦሊክ አሲድ ጋር ለውሶ ሞክሮታል፤ አዎን፣ ያንኑ የምናውቀውን ጀሶ። በ1970 ደግሞ ሐምቡርግ ላይ ጄንታማይሲን የተባለው አንቲባዮቲክ ከአጥንት ሲሚንቶ ጋር ተቀላቀለ። ሲሚንቶው ግን ፕላስቲክ በመሆኑ ሰውነት አያሟሟውም። ለጉድጓድ መሙያ ሲገባ ብዙ ጊዜ በሌላ ቀዶ ጥገና መውጣት ነበረበት።

ለአባታችን የታዘዘው እዚሁ ስዊድን፣ ሉንድ ከተማ ያለ ኩባንያ የሚያቀርበው ሴራመንት ጂ ነው። ዱቄቱ 60 በመቶ ጀሶ፣ 40 በመቶ ሃይድሮክሲአፓታይት ሲሆን ጄንታማይሲን ተጨምሮበታል። ሃይድሮክሲአፓታይት የአጥንታችን ማዕድን ዓይነት ነው። ጀሶው ቀስ በቀስ ሲሟሟ መድኃኒቱ እዚያው ቦታው ላይ ይለቀቃል። የቀረው ማዕድን፣ አዲስ አበባ ሕንፃ ሲሠራ እንደምናየው የባሕር ዛፍ መወጣጫ፣ ለአዲሱ አጥንት መያዣ ይሆናል፤ ልዩነቱ ይህኛው ሥራው ሲያልቅ አለመፍረሱ ነው። አሜሪካም በ2022 ፈቅዳዋለች። ከእንስሳ የተወሰደ አጥንት የለበትም። ይህን ስናስረዳቸው «ቀድሞ ማን ነገረኝ!» ብለው ፈረሙ።

የኩላሊት ሕመም ያለበት ወይም ጄንታማይሲን የማይስማማው ሰው አስቀድሞ ይናገር። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ከቁስሉ ነጭ ፈሳሽ ሊወጣ ይችላል። ከጀሶው ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም መግል አለመሆኑን የሚለየው ሐኪም ነውና ይታይ። «መድኃኒቱ ውስጤ አለ» ብሎ የታዘዘውን ክኒን ማቋረጥ ግን አይገባም፤ አባታችን እንኳ ይህን አስበው ነበር።

ወረቀት የመጣላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት አሳዩን፤ አብረን እናነበዋለን፤ አስተርጓሚ እንዲቀርብላችሁም እንጠይቃለን።