ልማዳችንን ለማያውቅ አገልጋይ ስለ መጻፍ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ ከ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የቀረበ ንግግር)



የመረጥነው ጉዳይ ለጫግኒ ጆሮ እንግዳ ሊመስል ይችላል፤ ይኸውም ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያላቸው ወኪሎች የሚገለገሉባቸውን የኮምፒዩተር መሣሪያዎች በግልጽ ቋንቋ ስለ መግለጽ ነው። ጥቂት ብትታገሡን ግን የሩቅ አገር ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን ለማስረዳት እንሞክራለን።

ወኪል ስንል ከሰው ትእዛዝ ተቀብሎ፥ መልስ በመስጠት ብቻ ሳይወሰን፥ በሌሎች ፕሮግራሞች አማካይነት ሥራውን ራሱ የሚፈጽም ፕሮግራም ማለታችን ነው። «አልጋ ያዝልኝ» ቢሉት አልጋ የሚይዘውን መሣሪያ ይጠራል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 አንትሮፒክ የተባለው ኩባንያ ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል የሚባለውን ደንብ ለሁሉ ክፍት አድርጎ አወጣ። በዚህ ደንብ እያንዳንዱ መሣሪያ ስም፥ በተራ ቋንቋ የተጻፈ መግለጫና የሚቀበላቸው ነገሮች ዝርዝር ይኖረዋል። ወኪሉ እንዲህ ያለውን መሣሪያ ሲጠራ ውስጡን ከፍቶ አያይም፤ የሚያየው ይህንኑ ጽሑፍ ነው። ጽሑፉ ያልነገረውን በግምት ይሞላዋል፤ የሚከፋውም ሲገምት እንደሚያውቅ ሰው ሆኖ መሆኑ ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። የአገው ፈረሰኞች በዓል በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ እንደሚከበር ከመካከላችሁ የማያውቅ የለም። ከአዲስ አበባ የሚመጣ አንድ ዘመድ ወኪሉን «ለጥር 23 በእንጅባራ አልጋ ያዝልኝ» አለው እንበል። የሆቴሉ መሣሪያ መግለጫ «ቀን ይቀበላል» ብቻ የሚል ከሆነ፥ ወኪሉ ጥርን ጃንዋሪ አድርጎ በጃንዋሪ 23 አልጋ ቢይዝ ማን ይፈርድበታል? ፈረሶቹ በሚጋልቡበት ዕለት ዘመዳችን ማደሪያ አጥቶ ይንከራተታል። «ስምንት ቀን ይጨመር» ብሎ መጻፍስ ይበቃልን? አይበቃም። ጥር 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ጃንዋሪ 31 ቀን 2025 ላይ ሲውል፥ ጥር 23 ቀን 2016 ዓ.ም. የዋለው ግን ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2024 ላይ ነበር፤ በ2015 ዓ.ም. ጳጉሜን 6 ቀን ሆና ነበርና።

ሰዓቱም እንዲሁ ነው። የእኛ ሰው «ነገ በ3 ሰዓት እንገናኝ» ሲል የጧቱ 3 ሰዓት መሆኑን ሰሚው ሳይነገረው ያውቃል። መሣሪያው 3:00 የሚለውን በፈረንጅ አቆጣጠር ከተቀበለው ግን ቀጠሮው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይሆናል። (የሠርግ ጥሪ ሲሆን 5 ሰዓት የተባለው 7 ሰዓት ማለት ሊሆን ይችላል፤ ይህን ለወኪል የሚያስረዳ መግለጫ ገና አልተጻፈም።)

እንግዲህ በጎ መግለጫ ምን ይመስላል? እኛ ብንጽፈው እንዲህ እንለው ነበር፦ «ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ ዓመት፥ ወር፥ ቀን ተብሎ በቅደም ተከተል ይጻፋል፤ ወሩ ከ1 እስከ 13 ነው፤ 13ኛው ጳጉሜን ነው። ምሳሌ፦ 2017-05-23። ባዶ አልጋ ከሌለ ሌላ ቀን በራስህ አትምረጥ፤ ባለጉዳዩን ጠይቅ።» መሣሪያው እምቢ ሲልም «ስህተት» ብሎ ዝም ከማለት «ወሩ 14 ሊሆን አይችልም» ቢል ወኪሉ ራሱን ያርማል።

ናሳ ወደ ማርስ የላከው መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1999 የጠፋው በተመሳሳይ ጉድለት ነው። አንዱ ፕሮግራም የግፊቱን መጠን በፓውንድ ሲያወጣ ሌላው በኒውተን እንደ ተሰላ አድርጎ ተቀበለው። ኒውተን እንዲሆን የሚያዝ ሰነድ ነበረ፤ ቁጥሩ ግን መለኪያውን ይዞ አልተጓዘም። ስለዚህ መለኪያው በሩቅ ሰነድ ሳይሆን ከቁጥሩ አጠገብ ይጻፍ እንላለን።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ወኪሉ ብልህ ከሆነ ራሱ ይወቀው» ይሉናል። ብልህ እንግዳም ቢሆን ያልተነገረውን የቤት ልማድ አያውቅም። ደግሞም ጉዳቱ የሚደርሰው ማረም በማይችለው ሰው ላይ ነው። አንዲት እናት በጳጉሜን የወለደችውን ልጅ በወኪል አማካይነት ብታስመዘግብና ቅጹ 12 ወር ብቻ ቢቀበል፥ ወኪሉም ነሐሴ ብሎ ቢሞላው፥ እናቲቱ ማንበብ ካልቻለች ስህተቱ የሚታወቀው ከስንት ዓመት በኋላ ነው? ያን ጊዜ ከቢሮ ቢሮ የሚመላለሰው ልጁ ነው።

መሣሪያውን የሠራው ሰው ለእርሱ ግልጽ የሆነውን መጻፍ ይረሳል። በመሆኑም መግለጫውን ለማያውቀው ሰው ማስነበብ፥ ቀጥሎም ለወኪሉ ሥራ ሰጥቶ የት እንደሚስት ማየት ይገባል። ክፍላችን ለቤተ መጻሕፍቱ መዝገብ እንዲህ ያለ መግለጫ በአማርኛ ለመጻፍ አስቧል። በመጀመሪያ የሚያነቡት የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች እንዲሆኑ ተስማምተናል፤ እነርሱ ያልገባቸውን ለመጠየቅ ገና አላፈሩምና።