አድራጊው ያልታወቀ መዝገብ፤ ግብፅና የምርመራ ልብ ወለድ



በ1935 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ዣን ካፓር የተባለ የጥንተ ግብፅ ሊቅ በብራሰልስ ቤተ መዘክር ከአንድ የእንጨት ምስል ውስጥ የተጠቀለለ ፓፒረስ አገኘ። ጥቅልሉ ሲፈታ የወንጀል ምርመራ መዝገብ ሆነ። የታችኛው ግማሽ አስቀድሞ በእንግሊዝ አገር በአንድ ባለጸጋ ስብስብ ውስጥ ይታወቅ ስለ ነበረ፣ ሁለቱ ሲገጣጠሙ አሜንፓኔፈር የሚባል ድንጋይ ጠራቢ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1100 ዓመት ገደማ የሰጠው የእምነት ቃል ተሟልቶ ተነበበ። ሰውዬው ከግብረ አበሮቹ ጋር የንጉሥ ሰበከምሳፍን መቃብር በመዳብ መሣሪያ ሰርስረው እንደ ገቡ፣ ወርቁን ከአስከሬኖቹ ላይ እንደ ገፈፉ፣ ሣጥኖቹንም እንዳቃጠሉ ይናገራል። 160 ደበን ወርቅ ለስምንት ተካፍለው ለያንዳንዳቸው 20 ደበን ደርሷቸዋል፤ አንድ ደበን 91 ግራም ያህል ነው። ከሁሉ የሚያስገርመው ግን ቀጥሎ ያለው ነው። አሜንፓኔፈር ተይዞ ነበር፤ ድርሻውን ለጸሓፊው ሰጥቶ ተለቀቀ፤ ጓደኞቹም የጎደለበትን አሟሉለት፤ እርሱም ወደ ዝርፊያው ተመለሰ። ቃሉ የተወሰደው በዱላ እየተመታ መሆኑን መዝገቡ ራሱ ሳያፍር ይገልጻል።

በለንደን የብሪቲሽ ሙዚየም የሚገኘው ሌላው ፓፒረስ የዚሁ ነገር ወንድም ነው። የምሥራቅ ቴብስ ከንቲባ ፓሰር የነገሥታት መቃብር ተዘርፏል ብሎ አቤት አለ። መቃብሮቹን የመጠበቅ ኀላፊነት የነበረበት የምዕራቡ ከንቲባ ፓወራ ነበር። መርማሪ ጓድ ወጥቶ ከ10 የንጉሥ መቃብሮች የተደፈረው አንድ ብቻ ነው ሲል አረጋገጠ፤ የተራው ሰው መቃብር ግን ሁሉም ተዘርፎ ተገኘ። ስለ ተራው ሰው ማንም ብዙ አልተጨነቀም። ከንጉሦቹ አብዛኞቹ ደኅና መሆናቸው እንደ ድል ተቆጥሮ የምዕራቡ ሰዎች በፓሰር ደጅ እየጨፈሩ አለፉ፤ ነገሩ በታየበት ችሎትም የተረታው አቤት ባዩ ሆነ።

ግብፅን መነሻ ያደረገ የምርመራ ልብ ወለድ የሚያነብ የሕግ ባለሙያ ከእነዚህ ሁለት ጥቅልሎች ቢጀምር የሚሻል ይመስላል፤ ከዚያ በኋላ የሚያነበውን ሁሉ የሚመዝንበት ሚዛን ያገኛልና።

በዓለም ዘንድ ይበልጥ የታወቀው የአጋታ ክሪስቲ «ሞት በናይል ላይ» በ1937 ታተመ። የሤራው አገነባብ ዛሬም ያስደንቃል። ይሁን እንጂ ካርናክ በተባለችው መርከብ ላይ የሚሞቱትም የሚገድሉትም የሚመረምሩትም የውጭ አገር ሰዎች ናቸው፤ ግብፃውያኑ ጨሌ ይሸጣሉ፣ ሻንጣ ይሸከማሉ። ከተጠርጣሪዎቹ ተራ የገባ ግብፃዊ አለመኖሩ ከአክብሮት የመነጨ አይደለም፤ ለመጠርጠርም ቢሆን አስቀድሞ እንደ ሰው መቈጠር ያስፈልጋል። (መርከቢቱ የቆመችበት የአቡ ሲምበል ዳርቻ ዛሬ ከናስር ሐይቅ በታች ነው፤ መቅደሱም ከ1964 እስከ 1968 ድረስ ተቈርጦ ከፍ ወዳለ ስፍራ ተወስዷል።)

ይኸው ደራሲ በ1944 ያወጣችው «ሞት እንደ ፍጻሜ ይመጣል» የተባለው መጽሐፍ ከዚህ ይለያል። ታሪኩ የሚፈጸመው በጥንቱ ቴብስ ነው፤ ሰዎቹም ሁሉ ግብፃውያን ናቸው። መሠረቱ ሄቃናኽት የተባለ የመቃብር ካህን ለቤተ ሰቡ የጻፋቸው፣ ስለ ቀለብና ስለ ቁባቱ አያያዝ የሚነጫነጭባቸው እውነተኛ ደብዳቤዎች ሲሆኑ፣ እነዚህም በ1920ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካውያን ቁፋሮ የተገኙ ናቸው። ምዕራፎቹ የሚከፈቱት በጥንቱ የግብፅ ዘመን አቆጣጠር ነው፤ ባለ 30 ቀን 12 ወራትና አምስት ትርፍ ቀናት ያሉት ይህ አቆጣጠር ጳጉሜን ለሚያውቅ አንባቢ እንግዳ አይሆንበትም። የመጀመሪያው ወቅት የጎርፍ ወቅት ይባላል፤ ያም ጎርፍ የኢትዮጵያ ክረምት ነው። በዚህ መጽሐፍ ፖሊስም ዳኛም የለም፤ ዓይናቸው የደከመ አንዲት አሮጊት አያት ከተቀመጡበት ሳይነሡ ነገሩን ይመረምራሉ። ባርባራ ሜርትስ ኤልሳቤጥ ፒተርስ በሚል የብዕር ስም ከ1975 ጀምራ የጻፈቻቸው ቀልደኛ የቁፋሮ ታሪኮችም ደስ ብለው ይነበባሉ፤ ደራሲዋ በጥንተ ግብፅ ጥናት የዶክተርነት ማዕርግ ስለ ነበራት መቃብሮቿና ፍርስራሾቿ የታመኑ ናቸው።

ለማኅበሩ አባላት ግን ከሁሉ የቀረበው መጽሐፍ ሌላ ነው። ተውፊቅ አል-ሐኪም በ1930ዎቹ መጀመሪያ በግብፅ ገጠር ዐቃቤ ሕግ ሆኖ ሠርቶ ነበር፤ በ1937፣ ማለትም የክሪስቲ መርከብ በወጣችበት በዚያው ዓመት፣ «የአንድ የገጠር ምክትል ዐቃቤ ሕግ የቀን ማስታወሻ» የተባለውን አሳተመ። አጀማመሩ የወንጀል ልብ ወለድ ነው። ዐቃቤ ሕጉ በሌሊት ተቀስቅሶ አንድ ገበሬ በጥይት ተመታ ይባላል። ቁስለኛው ከመሞቱ በፊት የሚናገረው አንድ ስም ብቻ ነው፤ ሪም፣ የሟች ሚስቱ እኅት። የሚስቲቱ መቃብር ሲከፈት ታንቃ እንደ ሞተች ይታወቃል። አንባቢው አሁንስ ተያዘ ሲል፣ ሪም ከተጠበቀችበት ትጠፋለች፤ ኋላም አስከሬኗ ከመስኖ ቦይ ይወጣል። መዝገቡም አድራጊው አልታወቀም ተብሎ ይዘጋል።

ገዳዩ ያመለጠው መርማሪው ሞኝ ስለ ሆነ አይደለም። ዐቃቤ ሕጉ አስተዋይ ነው፤ ነገር ግን ቀኑ በወረቀት ያልቃል። የግድያ ምርመራ ከብዛቱ እንጂ ከጥራቱ አይመዘንም፤ በጥቂት ገጾች የተጠናቀቀ መዝገብ አለቃን ያስቈጣል። ከሁለቱ ዳኞች አንደኛው የካይሮ ባቡር እንዳያመልጠው ፍርዱን በጥድፊያ ይነዳል፤ ሁለተኛው ከመጠን በላይ ከመጠንቀቁ የተነሣ ችሎቱ አያልቅም። ባለጕዳዮቹም የሚቀጡት ልብሳቸውን በቦይ ስላጠቡ፣ በግ ከቄራ ውጭ ስላረዱ ነው። ገበሬው ቅጣቱን ይሰማል እንጂ ጥፋቱን አያውቅም። በ1883 የተቋቋሙት የአገሩ ፍርድ ቤቶች የሚሠሩበት ሕግ በአብዛኛው ከፈረንሳይ የተቀዳ ነበር፤ ቦዩ ግን የግብፅ ቦይ ነው፤ ሌላ ማጠቢያም በአካባቢው የለም። የ1957ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግና የ1960ው የፍትሐ ብሔር ሕግ በዣን ግራቨንና በረኔ ዳቪድ የተረቀቁበት አገር ባለሙያ ይህን ምዕራፍ ሲያነብ ቶሎ ገልጦ ማለፍ አይቻለውም። አል-ሐኪም ሕጉን አይሳደብም። በችሎቱ ውስጥ የተናጋሪውንና የሰሚውን ፊት ጎን ለጎን ያሳያል፤ አንባቢው መጀመሪያ ይሥቃል፣ ከጥቂት ገጾች በኋላ ግን ሣቁ ይከብደዋል። አባ ኢባን፣ ኋላ የእስራኤል የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆነው፣ መጽሐፉን በ1947 ወደ እንግሊዝኛ መልሶታል።

ናጊብ ማሕፉዝ ነገሩን ከሌላ ወገን ይይዘዋል። በ1961 በወጣው «ሌባውና ውሾቹ» ወንጀለኛው ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ የታወቀ ነው። ከእስር ወጥቶ የከዱትን ለመበቀል ሲተኩስ ጥይቱ የሚያገኘው ንጹሓንን ነው፤ ሰውዬው ማን እንደ ሆነ ከታወቀ ዘንድ ማን እንዲህ አደረገው የሚለው ጥያቄ ይቀራል። ይህን ጥያቄ የሚመረምር ችሎት በመጽሐፉ ውስጥ የለም።

ማሕፉዝ በወጣትነቱ፣ በ1932፣ ስለ ጥንቷ ግብፅ የተጻፈ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ተርጕሞ ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ ልብ ወለዶቹም የፈርዖኖች ታሪኮች ናቸው። የኖቤል ሽልማት ከማግኘቱ ከሦስት ዓመት በፊት፣ በ1985፣ ወደዚያው ዘመን ተመልሶ ስለ አክናተን ጻፈ። ሜሪአሙን የተባለ ወጣት ከአባቱ ጋር በናይል ሲጓዝ የተተወችውን የአክናተንን ከተማ ያያል፤ የፈረሰችበትንም ምክንያት ከባለ ነገሮቹ አፍ ለመስማት ይነሣል። ሊቀ ካህናቱን፣ የጦር አዛዡን፣ ሐኪሙን፣ ቀራፂውን፣ በመጨረሻም ብቻዋን የምትኖረውን ንግሥት ነፈርቲቲን እየዞረ ይጠይቃል። ንጉሡ ለአንዱ መናፍቅ፣ ለአንዱ ድውይ፣ ለአንዱ ነቢይ ነው። ሁሉም እውነቱን የሚናገር ይመስላል፤ ሁሉም ግን ራሱን ያድናል። የምስክርን ቃል ሲጽፍ የኖረ ሰው ይህን ድምፅ ወዲያው ያውቀዋል።

ሜሪአሙን ፍርድ አይሰጥም። ወደ አባቱ ተመልሶ የሰማውን ይነግረዋል፤ ሁለት ነገር ብቻ ያስቀራል፤ የአክናተንን መዝሙሮች መውደድ መጀመሩንና ልቡ በነፈርቲቲ መማረኩን።