ሞተሪኖን መቆለፍ፦ የትኛው ሽቦ ይቆረጥ?



በመኪና ላይ የስርቆት መከላከያ ሪሌ ስንገጥም ቀዳሚው ጥያቄ የትኛው ሽቦ ይቆረጥ የሚለው ነው። ከባትሪ ወደ ሞተሪኖ የሚሄደው ወፍራም ገመድ ሞተር ሲነሳ ከ100 አምፔር በላይ ስለሚሸከም የ30 አምፔር ሪሌ አይችለውም፤ የሚቋረጠው ከቁልፉ ወደ ሶሌኖይዱ ትእዛዝ የሚያደርሰው ቀጭን ሽቦ ነው።

የቤንዚን ፓምፑን ሽቦ መቁረጥም ሌባን ያቆማል። ነገር ግን ያ ሪሌ ቁልቁለት ላይ ቢበላሽ ሞተሩ ይጠፋል፤ መሪው ይከብዳል፣ የፍሬኑም አጋዥ ኃይል ይደክማል። የሞተሪኖው ሪሌ ቢበላሽ ግን የቆመው መኪና አይነሳም እንጂ በጉዞ ላይ ያለው አይቆምም። ጉድለቱን አልሸሽግም፦ ማርሹ በእጅ የሚቀየር መኪና ተገፍቶ ሊነሳ ይችላል።

እንግዲህ መሐንዲስ መሣሪያው ሲሠራ ማንን እንደሚያግድ ብቻ ሳይሆን፣ ሲበላሽ ማንን እንደሚጎዳም አስቀድሞ ይጠይቅ።