የመልክዓ ምድር ፎቶግራፍ መጽሐፍን እንዴት እንመርጣለን?



«የተፈጥሮና የመልክዓ ምድር ፎቶግራፍ ለመማር የትኛውን መጽሐፍ ልግዛ?» እያላችሁ በየጊዜው ትጠይቁኛላችሁ። መጽሐፍ ውድ በሆነበት አገር ጥያቄው ቀላል አይደለም። እኔም በተማሪነቴ ከአቅሜ በላይ ከፍዬ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ገዛሁ፤ ግማሹ የአንድ ካሜራ ቁልፎች ማብራሪያ ነበር። ካሜራው ከገበያ ሲወጣ መጽሐፉም አብሮት ሞተ።

አንሰል አዳምስ ከ1980 እስከ 1983 እ.ኤ.አ. ስለ ካሜራ፣ ስለ ኔጌቲቭና ስለ ኅትመት ያወጣቸው ሦስት መጻሕፍት የተጻፉት ለፊልም ነው። ዛሬ ጨለማ ክፍል ያለው ማን ነው? ይሁንና ከሁሉ አስቀድሜ የምመክረው እርሱን ነው። ምክንያቱን ለመረዳት በ1983 ያሳተመውን፣ የ40 ፎቶግራፎቹን አሠራር የተረከበትን መጽሐፍ ግለጡ። በ1941 በኒው ሜክሲኮ፣ ሄርናንዴዝ ከምትባል መንደር በላይ ጨረቃ ወጥታ አየ። በመቃብሩ መስቀሎች ላይ ያረፈችው የመጨረሻዋ የፀሐይ ብርሃን ልትጠፋ ነው፤ የብርሃን መለኪያውን ቢፈልግ አጣው። የጨረቃን የብርሃን መጠን ግን በቃሉ ያውቅ ነበርና ከዚያ ተነሥቶ አስልቶ አነሣ። ለሁለተኛው ሲዘጋጅ ብርሃኑ ሄዷል። መጽሐፉ የሚነግረን ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ወደ ቁጥሩ ያደረሰውን አስተሳሰብ ነው። እኔም መጽሐፍ ስመርጥ አንድ ሥዕል ገልጬ፣ ከሥሩ የተጻፈው የሌንሱን ስም ብቻ ከሆነ መልሼ አስቀምጠዋለሁ።

ሌላው ችግር የኬክሮስ ነው፤ ይህን የነገረኝ መጽሐፍ አላገኘሁም። አብዛኞቹ ደራስያን የሚኖሩት ከእኛ ርቀው በሰሜን ነው። «ወርቃማው ሰዓት» የሚሉት ለስላሳ ብርሃን ፀሐይ ከአድማስ እስከ 6 ዲግሪ ያህል ከፍ እስክትል የሚቆየው ነው። ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ወቅት፣ በ60 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ይህ 48 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። በስሜን ተራሮች፣ በ13 ዲግሪ፣ ፀሐይ ቀጥ ብላ ስለምትወጣ 25 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። መጽሐፉን አምኜ ቡናዬን ተረጋግቼ ስጠጣ፣ ገደሉ ጫፍ ላይ የተቀመጡት ጭላዳዎች በጠራራ ብርሃን ተውጠው ጠበቁኝ። ሁለት ቀን የተጓዝኩት ለዚያች ጠዋት ነበር።

እዚህ ጠረጴዛ ላይ አምስት መጻሕፍት አኑሬያለሁ። ሁለቱን አልመክርም፤ የትኞቹ እንደሆኑ ገልጣችሁ ካያችሁ በኋላ እንነጋገራለን።