ዥብና ጅብ

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)

እናቶቻችን፣ እህቶቻችን፣ ተሩቅም ተቅርብም የመጣችሁ ደጋፊዎቻችን። «ተሩቅ» ያልነው አፋችን ተሳስቶ አይደለም፤ በቤታችን እንዲህ ነው የምንለው።

የተጠራነው ስለ ሂሳብ እንድንናገር ነበር፤ ሂሳቡ ግን ተባዝቶ በእጃችሁ አለ። እኛ የሂሳብ ክፍሎቹ መዝገቡን ስናገላብጥ ሌላ ነገር አየን። ብድር ከጠየቁት መካከል ተነስተው ራሳቸው ያስረዱት አገኙ፤ በሰው ያስጠየቁት ብዙዎቹ ቀሩ። አንዲት እናታችንን ለምን ራሳቸው እንዳልጠየቁ ብንጠይቃቸው፣ «ከተማ ቢሮ ገብቼ ዥብ በጎቼን ፈጀብኝ ብል ሳቁብኝ፤ ተዚያ ወዲህ ሰው ፊት አልናገርም» አሉን። ስለ በጎቹ የጠየቃቸው አልነበረም።

እኛም ብንሆን ከዚህ አላመለጥንም። ከመሐል ሜዳ፣ ከራቤል፣ ከዓለም ከተማ ተነስተን ደብረ ብርሃን ለትምህርት የሄድን ጊዜ መጀመሪያ ያጠናነው ሂሳብ ሳይሆን አነጋገር ነበር። ማታ ማታ በተከራየናት ክፍል «ጅብ፣ ጅራት፣ ጅማት» እያልን አፋችንን እንገራ ነበር። ለበዓል አገር ቤት ስንመለስ ደግሞ እናቶቻችን «አፍሽን ማን ለወጠው?» ብለው ሳቁብን።

ከዓረብ አገር የተመለሱት እህቶቻችን ግን በዚህ ነገር ይበልጡናል። እኛ «ሐ»ንና «ዐ»ን በፊደል እንጽፋለን እንጂ ስናነብ ከ«ሀ»ና ከ«አ» አንለያቸውም፤ በትግርኛ ግን ዛሬም ድምፃቸው አለ። ዓረብኛም ያንን የጉሮሮ ድምፅ ይፈልጋል። እነሱ በሰው ኩሽና ቆመው፣ ያለ አስተማሪ፣ በጆሯቸው ብቻ ያዙት። የቤይሩቷና የሪያዷ ሲገናኙ ደግሞ ዓረብኛቸው አይገጥምም፤ ለ«ምን» ያቺ «ሹ» ትላለች፣ ይቺ «ወሽ»። ይሳሳቃሉ፤ የምታፍር ግን የለችም። አንዷ የተያዘባትን ደመወዝ ያስከፈለችው ልክ እንደ እመቤቷ አድርጋ በመናገሯ ነው። እንግዲህ የሌላውን አነጋገር ማስመሰል ችሎታ ነው፤ የራስን ሸሽጎ ዝም ማለት ነው ኪሳራው።

ደግሞስ ማን በማን ይስቃል? የሸዋ ነገሥታት ሐረጋቸውን የሚቆጥሩት ከመንዙ ከነጋሲ ክርስቶስ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ከቤተ መንግሥቱ ጋር የወረደው የሸዋ ሰው አማርኛውን ቤቱ ጥሎ አልሄደም። ኋላ ከየአገሩ የመጣው ሕዝብ አቀላቀለው እንጂ የከተማው አነጋገር ከእኛ ጋር ዝምድና አለው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህን ነው። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ብድር ጠያቂዋ ራሷ ትናገር፤ መቆም የከበዳት ተቀምጣ ትናገር። ቃለ ጉባኤ ያዣችንም «ዥብ» ከተባለ «ዥብ» ብላ ትጻፍ።

እኒያ እናታችን ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል። የበጎቹ ጉዳይ እስካሁን አልታየም፤ መድረኩን ለእሳቸው እንልቀቅ።